የፍስክ ሻይ በቀይ ባሕር ላይ

ያን ጊዜ ስሜ ሙሳ ነበር። ማን አወጣልህ ብትሉኝ፣ ገዳሪፍ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ቁጭ ብሎ የሚውል አንድ ደላላ ነው እላችኋለሁ። ወላጆቼ ያወጡልኝ ማስረሻ የሚል ስም ነው። ደላላው ግን ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ ሁለቱንም ጊዜ ፊቱን አጨማደደና «ይኼ ለመርከብ አይሆንም» አለ። ከኪሱ የሌላ ሰው ወረቀት አወጣ። ባለቤቱ ሙሳ የሚባል፣ ታሞ የቀረ የበግ ሠራተኛ ነው። ፎቶውን አየሁት። ጆሮው እንደ እኔ ተለቅ ይላል እንጂ ሌላ የሚያመሳስለን ነገር አልነበረም። ከዛሬ ጀምሮ ሙሳ ነህ ተባልኩ፤ እሺ አልኩ። እሺ ያልኩበት ፍጥነት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የአርማጭሆ ልጅ ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነበር። ሱዳን የገባሁት አንድ አጨዳ ሠርቼ ልመለስ ነው፤ ሳላስበው አራት ዓመት ሞላኝ። ፋሽጋ ውስጥ ሰሊጥ አጭጃለሁ፣ ዶካ ላይ ጆንያ ተሸክሜ ሎሪ ጭኛለሁ፣ ገዳሪፍ ብሎኬት መትቻለሁ። ከዚያ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣና ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። ለቀን ሥራ፣ ትናንት አስተማሪ ከነበረ ሰው ጋር መጋፋት መጣ። ወደ ቤቴ እንዳልመለስ በእኛም በኩል ተኩስ አለ። በግ ወደ ጅዳ በሚያሻግር መርከብ ላይ ሥራ አለ ሲሉኝ፣ ባሕር ምን እንደሚመስል እንኳ ሳልጠይቅ ነው የተነሣሁት።

የሚያሠራን ወኪል ሙክታር ይባላል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ ሐበሻ የሆነች ሰው ነው። አማርኛ አሳምሮ ይናገራል፤ ሲናደድ ግን ዓረብኛው ይቀድመዋል። ሱዋኪን ወደብ ላይ ለብቻዬ ጠርቶ ሕጉን ነገረኝ። መርከቡ ላይ አማርኛ አይነገርም። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ምን እንደማምን፣ ከየት እንደመጣሁ ለማንም አይወራም። ወረቀቱ የሌላ ሰው መሆኑን የጅዳ ሰዎች ካወቁ አለቀልኝ። «ችግር ብታመጣብኝ ጅዳ ላይ ለፖሊስ አስረክቤህ ነው የምመለሰው» አለኝ። ጅዳ ታስሮ የተመለሰ አንድ የአገሬን ልጅ ዶካ ላይ አግኝቼ ነበር። እዚያ ምን አየህ ብለው፣ የያዘውን ሻይ ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ስለዚህ የሙክታር ዛቻ ለእኔ እንዲሁ ወሬ አልነበረም።

መርከቧ አሮጌ ናት። ቀድሞ መኪና ትጭን ነበር ይላሉ፤ ኋላ ፎቅ በፎቅ የብረት በረት ሠሩላትና የበግ ሆነች። የበጎቹ ሽንት ዓይን ያቃጥላል፤ ልብሳችሁን ብታጥቡትም ሽታው አይለቅም። ሥራችን ገንዳ መሙላት፣ ድርቆሽ መበተን፣ የሞተውን ጎትቶ ወደ ባሕር መጣል ነው። ከሱዋኪን ጅዳ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ነው ተብለን ተነሣን። በማግሥቱ ሞተሩ ቆመ። መካኒኮቹ ከሆዷ ገብተው አምስት ቀን ሲቀጠቅጡ፣ እኛ ውሃ መሐል ቁጭ አልን። የአርማጭሆ ሰው ባሕርን ምን ያውቃል? ግራው ውሃ፣ ቀኙ ውሃ፣ ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ። አንዳንዴ በረቱ ሥር ተቀምጬ የበግ ዓይን ዓይን አያለሁ፤ እሱም ያየኛል፤ ሁለታችንም ምን ልንሠራ እንደመጣን የገባን አይመስልም።

ጊዜው የገና ጾም ነው። ሙሳ ሆኜም ጾሙን አልተውኩም። ስሜን ያህል ነገር የለቀቀ ሰው ወተት ቢጠጣ ምን ነበረበት? ግን አልጠጣም። ሥጋው ሲመጣ የበግ ሽታ ሰልችቶኛል እላለሁ፤ ሁሉም ስለሰለቸው ማንም አይጠይቀኝም። ያስቸገረኝ ሻዩ ነበር። ሱዳኖች ጠዋት የሚጠጡት ሻይ በወተት የፈላ ነው። ወጥ ቤቱን የሚመራው የገዳሪፍ ሰው፣ ሁላችንም ዓም ሲዲቅ የምንለው ሽማግሌ፣ በየጠዋቱ ሁለት ማንቆርቆሪያ ይዞ ይመጣል። ትልቁ የወተት ነው። ትንሿ «ሳዳ» ናት፣ ወተት የሌለባት። እኔ ብርጭቆዬን ወደ ትንሿ እዘረጋለሁ፤ ወተት ሆዴን ይነፋኛል እላለሁ። በሶላት ሰዓት ደግሞ ታችኛው ፎቅ ያሉት በጎች ድንገት ውሃ የጠማቸው ይመስለኛል።

ከእኔ ሌላ ሳዳ የሚጠጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኢድሪስ ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ዓረብኛው ትንሽ ይጎረብጣል። የከሰላ ሰው ነው አሉኝ፤ ተቀበልኩ። በሶላት ሰዓት ታችኛው ፎቅ ስወርድ እሱንም አገኘዋለሁ። ለእሱም በጎቹ ያን ሰዓት ይጠማሉ ማለት ነው። አንድም ቀን ስለዚህ ተነጋግረን አናውቅም። ሁለታችንም አንዳችን ሌላችንን እንዳናይ ወደ ገንዳው አጎንብሰን እንሠራለን። አስባችሁታል? ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ በረት ውስጥ ተደባብቀው ሲኖሩ።

ስልኬ ባሕር በገባን በሁለተኛው ቀን ሞተ። ቀን የምቆጥረው እንደ አባቶቻችን በታቦት ነው። ገብርኤል ሱዋኪን መጋዘን ውስጥ ሳለን ዋለ። በጎቹን የጫንነው በማርያም ነው። ሞተሩ ተጠግኖ መርከቧ መልሳ የተንቀሳቀሰችው በሃያ ሰባት፣ በመድኃኔዓለም ከሰዓት በኋላ ነው። ገና ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ስለዚህ ከነገ በስቲያ። ነገሩን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። በሃያ ዘጠኝ ጠዋት «ሆዴ ዛሬ ተሽሎታል» ብዬ ብርጭቆዬን ወደ ትልቁ ማንቆርቆሪያ እዘረጋለሁ። አንድ ብርጭቆ ሻይ በወተት እጠጣለሁ። በቃ፣ ገናዬ ያ ነው። ማንም ሳያውቅብኝ ባለ ወተት ሻይ ጠጥቼ ወደ በጎቼ እመለሳለሁ።

በሃያ ስምንት ጠዋት ፀሐይዋ ወጥታ መርከቧ ወደ ጅዳ ስትገሠግሥ ላይኛው ፎቅ ላይ ተሰብስበን ሻይ እንጠብቃለን። ዓም ሲዲቅ ማንቆርቆሪያዎቹን ይዞ መጣ። ተራው ኢድሪስ ጋ ሲደርስ ትንሿን አቀረበለት። ኢድሪስ ራሱን ነቀነቀና ብርጭቆውን ወደ ትልቁ ዘረጋ። ተሞላለት። ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እጁ ትንኝ የሚያባርር መስሎ ግንባሩን ነካ፣ ደረቱን ነካ፣ ሁለት ትከሻውን ነካ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ አፉ አነሣ።

ያን ጊዜ የሆንኩትን ማስረዳት ያስቸግረኛል። ይህ ሰው እንደ እኔ ጾመኛ ነው! ይህ ሰው የእኔው ሰው ነው! ይህን ገና በቅጡ ሳልገነዘብ ሌላው ሐሳብ ቀደመኝ፤ በአንድ ቀን ሊገድፍ ነው። አርባ ምናምን ቀን የያዘውን በአንድ ቀን ስህተት ሊያበላሸው። አፌ ለእኔ ሳይነግረኝ ተከፈተ።

«ኧረ ነገ ነው! ምነው አንድ ቀን ብትታገሥ» አልኩ። በአማርኛ፣ ያውም ጮክ ብዬ።

ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ኢድሪስ ብርጭቆው አፉ ሥር እንዳለ ቆመ። ደነገጠ፤ ከዚያ ድንጋጤው ቀስ ብሎ ከፊቱ ላይ ለቀቀ። ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለና በጠራ አማርኛ መለሰልኝ።

«ዛሬ ነው። ዘመኑ ዮሐንስ እኮ ነው፤ ያለፈው ጳጉሜን ስድስት እንደነበረች ረሳህ?»

እናንተ ይህን ሳታውቁት አልቀራችሁም። በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው በሃያ ስምንት ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ግን በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንዳለን ማን ይንገረኝ? ሙሳ ከሆንኩ ጀምሮ፣ የመርከብ ተራ ስጠብቅ በከረምኩባቸው ወራት፣ ገዳሪፍ ካሉት ምእመናን ጋር መታየት ትቼ ነበር፤ ሲያጋጥሙኝ መንገድ እቀይራለሁ። ጾሙን እንኳ በአንድ ቀን አዘግይቼ ነው የጀመርኩት። ቀኑን አልተሳሳትኩም፣ ዓመቱን ነው የጣልኩት። ተደብቄ ተደብቄ፣ የገዛ በዓሌ ዘሎኝ ሊያልፍ ነበር። ይህ ሲገባኝ ያፈርኩት ማፈር ፍርሃቴን በላው።

ብርጭቆዬን ወደ ትልቁ ማንቆርቆሪያ ዘረጋሁ። ዓም ሲዲቅ እስከ አፉ ሞላልኝ። ጠጣሁ። ስኳሩ የበዛ፣ የዱቄት ወተት የገባበት ሻይ ነበር፤ ያን ያህል የጣመኝ ነገር ግን አላስታውስም።

ሙክታር ከበላያችን ካለው ደረጃ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ወርዶ ሁለታችንንም ክንዳችንን ያዘና ከሰው ራቅ አደረገን። አልጮኸም። ይልቅ የሚያባብል ይመስል ነበር። ሰዎቹ አማርኛ አያውቁም፤ ቀልድ ነበር ብላችሁ ተመለሱ፣ ከዛሬ ጀምሮም ሳዳ ጠጡ፣ ነገ ጅዳ ነን፣ ያልፋል አለን። መውጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ልወጣበት እግሬን አንሥቼም ነበር።

«ሙሳ ነኝ በል። ኸላስ፣ ነገሩ እዚህ ያበቃል» አለኝ።

«ማስረሻ እባላለሁ» አልኩት።

«ምን አልክ?»

«ማስረሻ። የአርማጭሆ ልጅ ነኝ። ዛሬ ገና ነው። ዛሬ ሙሳ ብለው ቢጠሩኝ አልሰማም፤ ነገም አልሰማም።»

ወደ ኢድሪስ ዞረ። ኢድሪስ ሻዩን አጋምሶት ነበር። «እኔም ሐዱሽ ነኝ» አለ፣ ስንት ሰዓት ነው ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው ተረጋግቶ።

የሙክታር ፊት ጠቆረ። የዛሬ ሥራችሁን ጨርሱ፣ ነገ የጅዳ ፖሊስ ሲመጣ ሁለታችሁንም በእጄ ነው የማስረክበው ብሎ ጥሎን ሄደ። በአባቱም በእናቱም ማለ። እኔም የብረት መደገፊያውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ደፋር ነበርኩ ብዬ አልመጻደቅባችሁም። የዶካው ሰውዬ ጥሎት የሄደው ሻይ ዓይኔ ላይ ነበር።

ታችኛው ፎቅ ገንዳ እየሞላን ለመጀመሪያ ጊዜ አወራን። ከየት ነህ አልኩት። ከሑመራ አለኝ። ሐምዳይት ተሻግሮ፣ መንደር ስምንት በሚባለው የስደተኞች ጣቢያ ከርሞ፣ ከዚያ እንደ እኔ ደላላ እጅ ወድቆ ነው የመጣው። ሑመራ ሲለኝ ዝም አልኩ፤ አርማጭሆ ስለው እሱም ዝም ብሎ ነበር። ዝምታው ምን እንደሆነ ለሁለታችንም ግልጽ ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። በእሱ ሰፈርና በእኔ ሰፈር መካከል ስንት ሰው እንዳለቀ የማያውቅ የለም። ውሃው ገንዳውን ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ቆምን። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋና «ዛሬስ ገና ነው» አለ። በሌላ ቀን እንጣላለን ማለቱ ነው። እንጣላለን አልኩት። ተሳሳቅን።

ሥራችንን አላጎደልንም። ማንም ሰነፉ እንዳይለን ከዕለቱ ሥራ አስበልጠን፣ እስከ ቀትር የአራቱንም ፎቅ በረት አጠጣን። ከዚያ ሐዱሽ ከተጣለ የመርከብ ገመድ ፈትቶ፣ አጥብቆ ጠቅልሎ፣ የሁለት ጡጫ ያህል የሆነ ጥንግ ሠራ። በግ የምንነዳበት ቆልማማ ዱላ በየእጃችን አለ። ላይኛው ፎቅ ከመልሕቁ አጠገብ ባዶ ቦታ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ የመርከቡ ሰው ሁሉ እያየን፣ ገና ተጫወትን።

ሁለት ሰው የሚጫወተው ገና ምን እንደሚመስል መቼም አይታችሁ አታውቁም። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ያሳድዳል፣ ደግሞ ይገላበጣል። አሳዛኝ ነገር ነው። ከገዳሪፍ የመጡት በግ ጠባቂዎች ግን ጥቂት ካዩን በኋላ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ሕጉ ምንድን ነው አሉን፤ ብዙ ሕግ የለውም አልናቸው። ስድስት ለስድስት ተከፈልን። ዓም ሲዲቅ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ፣ ደግሞም አንድ ሙሉ ማንቆርቆሪያ ሻይ በወተት ይዞ ከወጥ ቤት ወጣ። ለእኔና ለሐዱሽ ሁለት ሁለት እንቁላል ሰጠንና «ዒድ ሙባረክ» አለን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቆብን ኖሯል። ገዳሪፍ ለሐበሻ ሠራተኞች ሲያበስል ስለኖረ ጾማችንን ከእኛ እኩል ያውቀዋል። ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብለው፣ ሰው ራሱ ያልነገረኝን እኔ አልነግረውም አለኝ።

ሙክታር ጫጫታውን ሰምቶ መጣ። ጥንጓን ከመሬት አንሥቶ ወደ ባሕር ወረወራት። ሐዱሽ ወደ ገመዱ ክምር ሄዶ ሌላ ጠቀለለ። ሁለተኛዋንም ወረወራት። ሦስተኛዋን እኔ ጠቀለልኩ፤ እሷም ባሕር ገባች። መርከብ ላይ የማይታጣ ነገር ቢኖር ገመድ ነው። አራተኛዋን ስንጀምር ሰዎቹ ሁሉ ይስቁ ነበር፤ ሙክታር ብቻ አልሳቀም። የመታኋት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ እንዳልሆነ እምላለሁ፤ ብቻ ጥንጓ በርራ የሙክታርን ቅልጥም አገኘችው።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሙክታር እግሩን ይዞ አጎነበሰ። ሐዱሽ ጠጋ አለውና የገናን ወግ አስታወሰው፤ በዚህ ጨዋታ ላይ ጌታም ሎሌም የለም፣ የተመታም ሰው ቂም አይዝም አለው። ሙክታር ቀና አለ።

«አውቀዋለሁ። እናቴ ነግራኛለች» አለ።

ጥንጓን አላነሣትም። እያነከሰ ወደ ደረጃው ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ ግን ዞሮ፣ ነገ ጅዳ ላይ ጨዋታ የለም አለን። እኛም እስኪደክመን ተጫወትን። ነገን እያሰብኩ ነበር የምመታው፤ ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም በኃይል የመታሁት።

በማግሥቱ ጠዋት የጅዳ ሕንፃዎች ታዩ። መርከቧ ከወደቡ ወጣ ብላ ቆመችና አንዲት ትንሽ ጀልባ ወደ እኛ መጣች። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሹም የስም ዝርዝር ይዞ ወጣ፤ ሁለት የታጠቁ ፖሊሶች ተከተሉት። እኛም ፎቁ ላይ ተሰለፍን። ሰልፉ ሳይጀመር ሙክታር ወደ እኔና ወደ ሐዱሽ መጣ። ማስረከቢያው ሰዓት ደረሰ ብዬ ጸሎት ጀመርኩ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ለመነን።

«አቤት በሉ ብቻ። ትናንት የሚባል ቀን አልነበረም። አደራችሁን፣ አቤት በሉ።»

አደራ ሲል ሰማሁትና ቀና ብዬ እጁን አየሁ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ላብ ከጆሮው ሥር ይወርዳል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሰው ወረቀት መሆናችንን እያወቀ ያሳፈረን እሱ ነው። የእኛን ስም ለሹሙ መንገር ማለት የራሱን መንገር ማለት ነው። ለፖሊስ አስረክባችኋለሁ ሲለን የኖረው ሰው፣ ከእኛ ይልቅ ፖሊስ የሚፈራ ሰው ነው። ከሱዋኪን ጀምሮ እንቅልፍ ያሳጣኝ ሰው እኔን ሲፈራ ኖሯል! ስቄ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ፤ ከዚያ ተናደድኩ። በዚህ ሰውዬ ፍርሃት ነው የገዛ ስሜን ስሸሽ የከረምኩት?

ሹሙ መጥራት ጀመረ። እያንዳንዱ «ሓዲር» እያለ ያልፋል። ኢድሪስ ተባለ። ዝም። ደግሞ ኢድሪስ ተባለ። ሐዱሽ ወደ ባሕሩ ያያል። ሹሙ ፊቱን ቋጥሮ ቀጣዩን አነበበ፤ ሙሳ። ቃሏ አንዲት ናት፤ ሓዲር ብል ማታ እራቴን በልቼ እተኛለሁ። ዝም አልኩ። ሁለተኛ ጠራ፤ ዝም አልኩ። ፖሊሶቹ ከተደገፉበት ቀና አሉ።

«እነዚህ ሁለቱ እነማን ናቸው?» አለ ሹሙ፣ ወደ ሙክታር እየተመለከተ።

ሙክታር መልስ ሳይጀምር ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣሁና በተሰባበረ ዓረብኛዬ ነገርኩት። እኔ ሙሳ አይደለሁም፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ማስረሻ እባላለሁ፤ ይኼም ሐዱሽ ነው፤ በጎቹን ያጠጣነው እኛ ነን አልኩ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለምን እንደጨመርኳት አላውቅም።

ያን ጊዜ ሙክታር ወደ ሹሙ ቀረበ። ሙሳና ኢድሪስ ሱዋኪን ታመው ቀሩ፣ እነዚህ በእነሱ ምትክ የተጫኑ ናቸው፣ ዝርዝሩን ሳላስለውጥ የመጣሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። የመጨረሻዋ ቃል እውነት ነበረች። ሹሙ አምርሮ ተቆጣ፤ የተቆጣው ግን እሱን ነው። ወደ እኛ ሲዞር የሰለቸው ሰው ነበር። ከመርከቡ አትወርዱም አለን። ድሮውንስ መቼ እንወርድ ነበር? በግ ጠባቂ ጅዳን ከሩቅ ነው የሚያያት። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣ፣ ሙሳ የሚለውን ሰረዘና ስሜን በል አለኝ። በየፊደሉ እየቆረስኩ ነገርኩት፤ ጻፈው።

«የአባትህስ?»

ከዚያ በፊት ማንም የጠየቀኝ የለም። ሙሳ የራሱ አባት ነበረውና ወራት ሙሉ የሌላ ሰው አባት ስም ስጠራ ነው የቆየሁት። የእኔ አባት በአገር ቤቱ ጦርነት ዓመት ነው ያረፈው፤ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። «ታረቀኝ» አልኩት። ሳልፈልግ ድምፄ ጎላ። ሹሙ ቀና ብሎ አየኝና ያንንም ጻፈ። ማልቀሴን ያወቅኩት ሐዱሽ በክርኑ ሲነካኝ ነው።

ሱዋኪን ስንመለስ ሙክታር ዓይናችሁን እንዳላይ ብሎ አሰናበተን። ሐዱሽና እኔ በሎሪ ላይ ከጆንያ ጋር ተጭነን ገዳሪፍ ገባን። ሥራ አጣሁ። ከዚያ ወዲህም በዚሁ ስም ምክንያት ሁለት ሥራ አምልጦኛል፤ ደግ ዘመን መጥቶልኛል ብዬ አላታልላችሁም። ዛሬ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን ጆንያ እሰፋለሁ። ሐዱሽ በየገናው ይመጣል። የተቀጣጠርነውን ጥል በየዓመቱ እንጣላለን፤ ስለ መሬት፣ ስለ ጦርነቱ፣ ማን ማንን እንደቀደመ። አንድም ጊዜ ተስማምተን አናውቅም። ሲመሽ ግን አልጋ እለቅለታለሁ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩላችሁ ልንገራችሁ። ከእናንተ መካከል ዛሬም በሰው ስም የሚጠራ፣ በሰው ወረቀት የሚያድር እንዳለ አውቃለሁ። ስምህን ተናገር ብዬ አልመክርህም፤ ዋጋ አለው፣ ዋጋውን ደግሞ የምትከፍለው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም። ሌላ መርከብ ላይ፣ ሌላ ሹም ፊት ቢሆን እኔም ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ብቻ አንድ ነገር አድርግ። የሚያስፈራህን ሰው እጁን እይ። እኔ ቀድሜ ባየሁት ኖሮ ያን ያህል ጊዜ ሙሳ ሆኜ አልቆይም ነበር።

ባለፈው ወር ልጄ ተወለደች። ላስመዘግባት ስሄድ የተቀመጠው ጸሐፊ ለእኔው አዝኖ፣ እዚህ አገር ስለምታድግ የማያስቸግር ስም ብትሰጣት ይሻላል ብሎ ሦስት አራት ስም አማረጠኝ። መጥፎ ሰው አልነበረም። ስሟ ትደነቅ ነው አልኩት። እንዴት ይጻፋል አለኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ያጉረመርማል። ጊዜ ወስደህ ጻፈው፣ እኔ አልቸኩልም ብዬ ከፊቱ ቆምኩ። የመጀመሪያው ስህተት ነበር፤ አሰረዝኩት። ሁለተኛውም ስህተት ነበር፤ አሰረዝኩት። ጸሐፊው ተንፍሶ አዲስ ወረቀት አወጣ፣ እኔም ከመጀመሪያው ፊደል ጀመርኩለት።